ከቡናችን ከረጢት እስከ ማዳም ሰላጣ፦ የፀረ-ተባይ ቅሪትን ልክ የሚወስነው ማን ነው?

ዓርብ ጠዋት ነው፤ እንግዶች ለምሳ ይመጣሉ። ከገበያ የመጣው አትክልት በፌስታል እንደተሞላ ማድ ቤት ተቀምጧል፦ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ ሁለት እስር በቅዱኒስ፣ አንድ እስር ነዕናዕ። ማዳም ከሳሎን ሆና «በደንብ እጠቢው፤ መድኃኒት አለበት» ትላለች። አንዱ ቤት ኮምጣጤ ይታዘዛል፣ ሌላው ቤት ጨው፣ ሌላው ጋ ደግሞ የዕቃ ሳሙና። እናንተም እንደታዘዛችሁት ታጥባላችሁ።

ግን ይህ «መድኃኒት» የሚባለው ነገር ምንድን ነው? በውሃ ይለቃል? ምን ያህል ሲሆን ነው የሚያሰጋው? «ይህን ያህል ይፈቀዳል፣ ከዚህ በላይ አይፈቀድም» የሚለውስ ማን ነው? ጥያቄው የማዳም ብቻ አይደለም። ያንኑ ሰላጣ እናንተም ትበላላችሁ። አገር ቤት ያለው ወንድም ወይም አባት ደግሞ ተመሳሳዩን መድኃኒት በጀርባው ተሸክሞ ይረጫል፤ ብዙ ጊዜም የመግዣውን ብር የላካችሁት እናንተ ናችሁ።

ቅሪቱ ከየት ይመጣል?

ገበሬ ሰብሉን ከትል፣ ከዋግ፣ ከሻጋታና ከአረም ለመከላከል የሚረጨው ኬሚካል በጥቅሉ ፀረ-ተባይ ይባላል። ከተረጨ በኋላ ፀሐዩ፣ ዝናቡና ጊዜው ቀስ በቀስ ያፈርሱታል። ምርቱ ሲለቀም ሳይፈርስ የቀረው ጥቂቱ «ቅሪት» ነው። ስለዚህ ትልቁ ነገር ቀን ነው። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበት ቀን ይጻፋል፤ ለአንዱ 3 ቀን፣ ለሌላው 7፣ ለሌላው 14 ወይም ከዚያ በላይ ነው። የቲማቲም ዋጋ ጨመረ ብሎ ዛሬ ረጭቶ ነገ የሚለቅም ገበሬ ቅሪቱን ከነምርቱ ወደ ገበያ ይልከዋል።

የሚፈቀደው ልክ የሚቀመጠው በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም በሚል ነው። ለእያንዳንዱ መድኃኒትና ለእያንዳንዱ ሰብል ለየብቻ ይወጣል፤ ለቲማቲም የተፈቀደው ለሰላጣ ላይፈቀድ ይችላል። ባለሙያዎቹ ሁለት ነገር ይመረምራሉ። የመጀመሪያው የእርሻ ጥያቄ ነው፦ ገበሬው መመሪያውን ተከትሎ ቢረጭ ምርቱ ላይ ስንት ይቀራል? ይህን ለማወቅ በተለያዩ ማሳዎች ላይ ተረጭቶ ይለካል። ሁለተኛው የጤና ጥያቄ ነው፦ ሰው ይህን ዕድሜውን ሙሉ ቢበላ ይጎዳዋል? ለዚህ መነሻው በእንስሳት ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው። ጉዳት ያላሳየው ትልቁ መጠን ይወሰድና አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ይካፈላል። መጀመሪያ ሰው ከእንስሳ ስለሚለይ ለ10፣ ከዚያ ሰውም ከሰው ስለሚለይ እንደገና ለ10 ማለት ነው፤ ሕፃን አለ፣ እርጉዝ አለች፣ በሽተኛ አለ። አንዳንዱ ኃይለኛ መድኃኒት በአንድ ቀን ብዙ ቢበላም ሊጎዳ ስለሚችል ለእርሱ የአንድ ቀን ልክም ይወጣለታል።

ስለዚህ «ከልክ ያለፈ ቅሪት ተገኘ» የሚል ዜና ስትሰሙ የበላው ሁሉ ተመረዘ ማለት አይደለም። የመኪና ፍጥነት ገደብን አስቡ። በ80 መንገድ ላይ በ120 የነዳ ሁሉ አይጋጭም፤ ራዳሩ ግን ይይዘዋል፣ መያዝም አለበት። ከልክ ያለፈ ቅሪትም እንዲሁ ነው። ገበሬው ቀኑን እንዳልጠበቀ፣ መጠኑን እንዳበዛ ወይም ለዚያ ሰብል ያልተፈቀደ መድኃኒት እንደተጠቀመ ይጠቁማል።

አንድ ገበያ፣ ብዙ ሰንጠረዥ

ቲማቲም፣ ብርቱካንና ቡና ድንበር ይሻገራሉ። እያንዳንዱ አገር የራሱን ልክ ብቻ ቢያወጣ ላኪው ግራ ይጋባል፤ በላተኛውም ማንን እንደሚያምን አያውቅም። ይህን ለማስታረቅ የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እና የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋሙት «ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ» የተባለ ኮሚሽን አለ። ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ ሮም ነው። ከ180 በላይ አገራት አባል ናቸው፤ ኢትዮጵያም አለችበት፣ የባሕረ ሰላጤው አገራትም አሉበት። የሁለቱ ድርጅቶች ባለሙያዎች እየተሰበሰቡ የየመድኃኒቱን ጥናት ይመረምራሉ፣ ልኩንም ለኮሚሽኑ ያቀርባሉ። ቻይና የምታስተናግደው አንድ ኮሚቴ ደግሞ ተወያይቶበት ለውሳኔ ያሳልፈዋል።

ኮዴክስ ግን አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ክብደት ያገኘው የዓለም ንግድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲመሠረት ነው። በድርጅቱ ስምምነት መሠረት የኮዴክስን ልክ የተከተለ አገር «ንግድ ለማደናቀፍ ነው» ተብሎ አይከሰስም። ከኮዴክስ የጠበቀ ልክ ማውጣትም ይቻላል፤ ነገር ግን በሳይንስ ምክንያቱን ማስረዳት ያስፈልጋል።

ብዙ ሀብታም አገራት አጥብቀዋል። የአውሮፓ ኅብረት ለአንድ መድኃኒትና ሰብል የተለየ ልክ ካልወጣ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ይፈቅዳል። ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ2006 ተመሳሳይ አሠራር ጀመረች። ይህ ቁጥር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማየት 60 ኪሎ የሚይዝ የቡና ከረጢት አስቡ። በዚያ ሙሉ ከረጢት ውስጥ የሚፈቀደው የመድኃኒት መጠን ክብደቱ ከአንዲት የስኳር ቅንጣት ብዙም አይለይም።

ጥብቅ መሆኑ ለበላተኛው ጥሩ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ጥሩ ነው። ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ልክ ለማውጣት የማሳ ሙከራ ያስፈልጋል፤ ሙከራው ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ለስንዴ፣ ለበቆሎ፣ ለፖም ወጪውን የሚሸፍን ኩባንያ አይጠፋም፤ ገበያው ትልቅ ነውና። በጥቂት አገራት ብቻ ለሚበቅል ሰብል ግን ማን ይከፍላል? የሚከፍል ሲጠፋ ልክ አይወጣለትም። ልክ ያልወጣለት ሁሉ ደግሞ ወደ 0.01 ይወርዳል። የድሃ አገር ገበሬ ምርት እዚህ ላይ «ጎጂ ነው» ተብሎ ሳይሆን «አልተጠናም» ተብሎ ከበር ሊመለስ ይችላል።

ቡናችን ከጃፓን ሲመለስ

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የራሳችን ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ተቆጣጣሪዎች ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ሊንደን፣ ሄፕታክሎርና ክሎርዴን የተባሉ አሮጌ ፀረ-ተባዮች ቅሪት አገኙ። መጠኑ ከጃፓን ልክ በላይ ነበር። ጃፓን ያን ጊዜ ከቡናችን ቀዳሚ ገዢዎች አንዷ ነበረች፤ ገበያው ወዲያው ተዳከመ።

ዜናውን የሰማ ሁሉ ግራ ገባው። አብዛኛው የኢትዮጵያ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር፣ በአነስተኛ ገበሬ እጅ የሚበቅልና መድኃኒት እምብዛም የማይረጭበት ነው። ታዲያ ቅሪቱ ከየት መጣ? ጥርጣሬው ያረፈው በከረጢቱ ላይ ነበር። ቡናው የተጫነበት የጆንያ ከረጢት ቀድሞ ኬሚካል የነካው እንደነበር ተገመተ። ገበሬው ያልረጨው መድኃኒት በመጋዘንና በመጓጓዣ መሐል ቡናው ላይ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የከረጢት ጥንቃቄና የላቦራቶሪ ምርመራ የግድ ሆነ፤ የጃፓን ገበያ ወደ ነበረበት ለመመለስም ዓመታት ፈጀ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ ልኩን ማለፍ ሁልጊዜ የገበሬው ጥፋት አይደለም፤ ዋጋውን ግን መጨረሻ ላይ የሚከፍለው እርሱ ነው። ሁለተኛ፣ የራሱ ላቦራቶሪ የሌለው አገር ዕቃው ባሕር ተሻግሮ ሰው አገር ወደብ ላይ ሲደርስ ነው ጉድለቱን የሚሰማው። ተመልሳችሁ ቡና፣ ማር ወይም በርበሬ ወደ ውጭ ለመላክ የምታስቡ ካላችሁ ይህን አትርሱ። ከረጢቱ አዲስና ንጹሕ ይሁን፤ ዕቃው የእርሻ መድኃኒት ካለበት መጋዘን አይቀመጥ፤ የምትልኩበትን አገር ልክ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

እዚህ የምንበላው ማን ያየዋል?

የባሕረ ሰላጤው አገራት አብዛኛውን ምግባቸውን ከውጭ ያስገባሉ። ለዚህም የጋራ መስፈርት የሚያወጣ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሪያድ የሆነ የደረጃዎች ድርጅት አላቸው፤ የፀረ-ተባይ ቅሪት ልክም ከመስፈርቶቹ አንዱ ነው። በየወደቡና በየድንበሩ ናሙና እየተወሰደ ይመረመራል።

ምርመራው ወረቀት ላይ ብቻ እንዳልሆነ የታየው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ከልክ ያለፈ ቅሪት ተገኝቷል ብላ ከሜይ 15 ጀምሮ ከአምስት አገራት የሚመጡ አንዳንድ አትክልትና ፍራፍሬዎችን አገደች። ከግብፅ ቃሪያና በርበሬ፣ ከዮርዳኖስ ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ሰላጣና ደበርጃንን ጨምሮ የተለያዩ አትክልቶች፣ ከሊባኖስ ፖም፣ ከኦማን ካሮትና ሜሎን፣ ከየመን ደግሞ ፍራፍሬ ሁሉ ነበሩበት። በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያም በተመሳሳይ ምክንያት የግብፅን እንጆሪ ማስገባት አቆመች። ያን ጊዜ እዚህ የነበራችሁ በገበያው ላይ የዕቃና የዋጋ ለውጥ አይታችሁ ይሆናል። ግብፅ የሚላከውን ምርት መቆጣጠር አጠበቀች፤ ገበያውም በኋላ ተከፈተላት። የጋራ ልክ ጥቅሙ ይህ ነው። ሻጩ ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል፣ ያስተካክላል፣ ይመለሳል።

ቡና ላይ የምትጨምሩት ሄልም ከዚህ አላመለጠም። ሳዑዲ ዓረቢያ የሄል ትልቅ ገዢ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሕንድ የሚመጣው ሄል በፀረ-ተባይ ቅሪት ምክንያት ከገበያዋ ሲርቅ ትልቁ ላኪ የሆነችው ጓቲማላ ይበልጥ ተጠቀመች። በፍንጃል የሚቀርበው ቡና ሽታ ሳይለወጥ የአንዱ አገር ገበሬ ገበያ አጣ፣ የሌላው አገኘ።

ገንዳው ጋ ምን ማድረግ ይቻላል?

እስካሁን እንዳያችሁት ዋናው ሥራ ማሳው ላይና ወደቡ ላይ ያልቃል። ለእናንተ የሚደርሰው የመጨረሻው ትንሽ ክፍል ነው። እርሱም ቢሆን ይጠቅማል።

በሚፈስ ውሃ እጠቡ፤ በእጃችሁ እሹት። እንደ ካሮት፣ ድንችና ኪያር ያለውን ጠንካራ ነገር በንጹሕ ብሩሽ ፈትጉት። የሰላጣና የጥቅል ጎመን የላይኛውን ቅጠል ጣሉት። በቅዱኒስና ነዕናዕን እስሩን ፈትታችሁ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ደጋግማችሁ ንከሩት፤ ከውሃው አውጥታችሁ ቅጠሉን አለቅልቁት። ውሃውን ከነቅጠሉ ከደፋችሁት ከሥር የዘቀጠው ተመልሶ ላዩ ላይ ይወጣል።

የዕቃ ሳሙናና በረኪና ለአትክልት አይሆኑም። አትክልት ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ሳሙናውን ይመጣል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣንም በሳሙና እንዳይታጠብ ይመክራል። በተለይ በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ማድ ቤት ውስጥ ሕይወት ያሳጣል። ማዳም ለአትክልት ተብሎ የተሠራ ማጠቢያ ከገዛች በላዩ የተጻፈውን መጠንና ደቂቃ ጠብቁ።

ቤኪንግ ሶዳስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፖም ላይ ሞክረውታል። የተጠቀሙበት ውህድ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ ሶዳ ማለት ነው። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ሲነከር ላዩ ላይ የነበሩትን ሁለት ፀረ-ተባዮች ከውሃና ከበረኪና የተሻለ አስለቀቀ። ነገር ግን ከሁለቱ የአንደኛው አምስተኛ ያህል ቀድሞ ወደ ልጣጩ ውስጥ ዘልቆ ነበር፤ ያን ማጠብ አያወጣውም። መላጥ ይቀንሰዋል። ኮምጣጤና ጨውም ቢሆኑ ውስጥ የገባውን አያወጡም።

ይህን ማወቃችሁ ለራሳችሁም ይጠቅማል። ልጁ ሆዱን ባመመው ቁጥር «አላጠብሽውም» የሚል ወቀሳ የደረሰባችሁ ብዙዎች ናችሁ። ድንገተኛ ትውከትና ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከጀርም ነው፦ ካልታጠበ እጅ፣ ጥሬ ዶሮ ከተቆረጠበት ጣውላ፣ ውጭ ካደረ ምግብ። የፀረ-ተባይ ቅሪት ሥጋት ግን በአብዛኛው በአንድ ቀን ሰላጣ አይገለጥም፤ ለዓመታት የሚጠራቀም ጉዳይ ነው። በደንብ አጥባችሁ ከሆነ ውስጥ የገባውን ማውጣት የእናንተ ሥራ አይደለም። በረጋ ቃል «ማዳም፣ ላዩን አጥቤዋለሁ፤ ከፈለግሽ እልጠዋለሁ» ማለት ይበቃል።

ለእናንተ ቤተሰብስ ማን ይመረምራል?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ገዢው አገር ስለሚጠይቅ ይመረመራል። የማዳም ቃሪያ ወደብ ላይ ይታያል። ለአገር ውስጥ ገበያ የሚቀርበውን፣ እናታችሁ ከጉሊት የምትገዛውን ቲማቲም ግን ብዙ ጊዜ የሚመረምረው የለም። ሌላም ነገር አለ። በአውሮፓ ማሳ ላይ እንዳይረጩ የተከለከሉ አንዳንድ መድኃኒቶች እዚያው አውሮፓ ተሠርተው ወደ ሌላው ዓለም ሲላኩ ኖረዋል። ያ መድኃኒት የተረጨበት ፍሬ ወደ አውሮፓ ሊመለስ ሲል በሩ ላይ ይያዛል። የረጨው ሰው ሳንባ ግን በየትኛውም ወደብ አይመረመርም። ልክን በዓለም ደረጃ ማስማማት ሙሉ የሚሆነው የድሃው አገር በላተኛና ረጪም በሰንጠረዡ ውስጥ ሲታሰብ ነው።

ኢትዮጵያ ሕግ አላት። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይሸጥና ጥቅም ላይ እንዳይውል ይደነግጋል። ሕጉ ግን በየማሳው አይቆምም። እናንተ ደግሞ በየማሳው የሚሰማ ድምፅ አላችሁ፤ ብሩን ላኪዎቹ ናችሁና።

አንድ ማታ ስልኩ ይጮኻል። ወንድም ከመቂ ወይም ከዝዋይ ይደውላል፦ «ቲማቲሙን ትል ፈጀው፤ ለመድኃኒት ትንሽ ላኪልኝ።» ትልካላችሁ። ስትልኩ ግን አራት ነገር ጠይቁት።

«መድኃኒቱ ለቲማቲም የተመዘገበ ነው? ዕቃው ላይ ምን ይላል?» በጠርሙስ ተቀንሶ ያለ ጽሑፍ የሚሸጥ ከሆነ ይቅርበት።

«ስንት ለካህ?» እጥፍ መጨመር ትሉን እጥፍ አይገድለውም፤ ቅሪቱን ያበዛል፣ ትሉንም ያለማምደዋል።

«ከረጨህ ስንት ቀን ቆይተህ ትለቅማለህ?» ዕቃው ላይ 7 ከተጻፈ 7 ነው፤ ዋጋ ጨመረ ተብሎ 2 አይሆንም።

«ስትረጭ ምን ትለብሳለህ? ባዶውን ጀሪካንስ የት ታደርሰዋለህ?» ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ ቦቲ ጫማና የፊት መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ ነፋስ ፊት ለፊት ቆሞ አይረጭም፤ ልጅና እርጉዝ አጠገቡ አይቆሙም። የመድኃኒት ጀሪካን መቼም ቢሆን የውሃ ወይም የዘይት ዕቃ አይሆንም፤ ተበስቶ ይጣላል።

ወንድም «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ገበሬ የሆንሽው?» ብሎ ሊስቅ ይችላል። ይሳቅ። በየቀኑ የሰው አገር አትክልት የምታጥበው እህቱ ቁጥሩን ታውቃለች። ለሚቀጥለው ወር ስትልኩም ከመድኃኒቱ ብር ላይ የጓንትና የመሸፈኛውን ጨምሩበት።